ሜቶዲስቶች ሰሜን ሸዋ ደርሰው ነበር? ስለ አንኮበርና ልቼ የሚስዮን ጸሎት ቤቶች የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ፦ የልቼ ልጅ (ደብረ ብርሃን)

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

በሰሜን ሸዋ የሚገኙትን የአምልኮ ቦታዎች ታሪክ አሰባስቤ ለመጻፍ ከተነሣሁ ቆይቻለሁ። የአድባራቱንና የገዳማቱን ነገር በሚመለከት ብዙም አልተቸገርሁም፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከመሠረቱት ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ጀምሮ እስከ አንኮበር አብያተ ክርስቲያናት ድረስ የሚጠየቅ አለቃ፣ የሚገለጥ ብራና፣ የሚታይ ሕንፃ አለ። የከበደኝ የውጭ አገር ሚስዮናውያን ጉዳይ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ክራፍና አይዘንበርግ የተባሉ ጀርመናውያን አንኮበር መቀመጣቸውን፣ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉም ካቶሊኩ አቡነ ማስያስና የፕሮቴስታንቱ ወገን ዮሐንስ ማየር ወደ ልቼ ቤተ መንግሥት ይመላለሱ እንደ ነበር አንብቤአለሁ። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች የት ይጸልዩ እንደ ነበር፣ ጸሎት ቤት ሠርተው ከሆነም ከምን እንደ ደረሰ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

በቅርቡ ደግሞ አንድ ወዳጄ አንኮበር ላይ የሜቶዲስቶች ጸሎት ቤት እንደ ነበረ አጥብቆ ነገረኝ። ሜቶዲስቶችን በስም እንጂ በሌላ ስለማላውቃቸው ለመቀበልም ለመከራከርም አልቻልሁም። አንኮበር ድረስ ሄጄ በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ግርጌ የሚኖሩ ሽማግሌዎችን ጠየቅሁ፤ የነገሥታቱን አዳራሽና የአድባራቱን ስም አንድ በአንድ ቆጥረው ሲነግሩኝ፣ የፈረንጅ ጸሎት ቤት የሚባል ነገር ግን ከአባቶቻቸው እንዳልሰሙ አስረግጠው መለሱልኝ። ያልተጣራ ነገር በጽሑፌ ውስጥ ገብቶ ነገ ሌላው እየጠቀሰው እንዳይሄድ ስለምፈራ፣ የምታውቁ ሁሉ እንድትረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ፦ የታሪክ መምህር (አንኮበር)

ውድ የልቼ ልጅ፣ ሽማግሌዎቹ በትክክል ነግረውዎታል። ክራፍና ባልደረባው በአንኮበር ጸሎት ቤት አልሠሩም፤ ስለዚህ ፍርስራሽ ፍለጋ መውጣቱ ድካም ነው። ያልሠሩበት ምክንያት ግን አንድ ሕንፃ ከሚነግረን የበለጠ ስለ ዘመኑ ይነግረናልና ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእነዚህ ሰዎች ማስታወሻ የተጻፈው በዚያ ስለሆነ ወደ እኛ ሲመልሱት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መቀነስ እንዳይረሱ፤ አለዚያ የንጉሡ ዘመቻና የሚስዮናውያኑ ጉዞ አይገጣጠምልዎትም።

ዮሐን ሉድቪግ ክራፍና ካርል ቪልሄልም አይዘንበርግ ጀርመናውያን ቢሆኑም የላካቸው በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥር የሚሠራው ቸርች ሚሽነሪ ሶሳይቲ ነበር። ስለዚህ ወዳጅዎ እንዳለው ሜቶዲስት አልነበሩም። መጀመሪያ የተቀመጡት ዓድዋ ነበር፤ በ1838 ደጃዝማች ውቤ ከአገር አስወጧቸው። ለመባረራቸው ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። ክራፍ እንደ ጻፈው፣ ዓድዋ ላይ ለሚሠራው ቤት መሠረቱ ጠለቅ ብሎ ሲቆፈር፣ ፈረንጆቹ የእንግሊዝን ወታደር የሚያስገቡበት የውስጥ ለውስጥ መንገድ እየቆፈሩ ነው የሚል ወሬ በአገሩ ተነዛ። በአንድ የቤት መሠረት ምክንያት እንዲህ የተጠረጠረ ሰው ሸዋ ሲደርስ ድንጋይ ለመካብ ባይቸኩል አያስገርምም።

ወደ ሸዋ የመጡት በታጁራ በኩል፣ ከነጋዴዎች ጋር የአፋርን በረሃ አቋርጠው ነው። በሰኔ 1839፣ በእኛ 1831 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ፊት ቀረቡ። አይዘንበርግ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተመለሰ፤ ክራፍ ግን እስከ መጋቢት 1842 ድረስ ብቻውን ቆየ። ንጉሡ በክብር ተቀብለውታል፤ ወደ ዘመቻም ይዘውት ሄደዋል። የትምህርት ቤቱን ሐሳብ ግን ብዙም አልወደዱትም። እሳቸው የፈለጉት ሐኪም፣ ግንበኛና ብረት ሠሪ እንጂ የሃይማኖት መምህር አልነበረም፤ ይህንንም ሳይደብቁ ነግረውታል። የሃይማኖት መምህር በደብረ ሊባኖስም በአንኮበርም ሞልቶ ነበርና በንጉሡ ልፈርድ አልችልም። ክራፍ በተሰጠው ቤት ጥቂት ልጆችን እያስተማረ፣ ሊጠይቁትና ሊከራከሩት ከሚመጡ ካህናትና ደብተሮች ጋር መጽሐፍ እየገለጠ ይውል ነበር። የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤት ነበር ከተባለ ያ የመኖሪያ ቤት ነበር ማለት ነው፤ ከዚያ ሌላ ደወል ያለው፣ መሠረት የተጣለለት ነገር አልነበረም።

ዋነኛው ምክንያት ግን የንጉሡ አለመፍቀድም የሚስዮናውያኑ ፍርሃትም አይመስለኝም። እነዚህ ሰዎች ሲላኩ አዲስ ቤተ ክርስቲያን እንዲመሠርቱ አልታዘዙም ነበር። ሐሳባቸው አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስን በካህናቱና በሕዝቡ እጅ በማስገባት የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ከውስጧ ማደስ ነበር። በእጃቸው የነበረውም አቡሩሚ የተባለው የጎጃም ሊቅ ካይሮ ተቀምጦ የተረጐመውና ለንደን የታተመው መጽሐፍ ነው፤ ወንጌሎቹ በ1824፣ አዲስ ኪዳኑ በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ወጥቷል። ነባሩን ቤተ ክርስቲያን አድሳለሁ ብሎ የመጣ ሰው ከጎኑ ሌላ ጸሎት ቤት ቢያቆም የራሱን ዓላማ ያፈርሳል። እንግዲህ የአንኮበሩን ሚስዮን አሻራ የሚፈልግ ሰው ከወረቀቱ ላይ ይፈልገው። አይዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በ1841፣ ሰዋስዉን በ1842 ለንደን ላይ ያሳተመ ሲሆን፣ ለልጆች የሚሆን የጂኦግራፊና የዓለም ታሪክ መማሪያም በአማርኛ አዘጋጅቷል። ክራፍም በሸዋ ያሰባሰባቸውን የግዕዝ ብራናዎች ወደ ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ልኳል። ምናልባት ከእኛ አድባራት በአንዱ የተቀዳ መጽሐፍ ዛሬ በዚያ መደርደሪያ ላይ ይኖራል፤ ይህ ጉዳይ አጥኚ ይፈልጋል።

ሚስዮኑን ክፉኛ የጎዳው ፖለቲካው ነው። በ1841 በሻምበል ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ሸዋ ሲገባ ክራፍ አስተርጓሚና አማካሪ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ንጉሡ የተፈራረሙት ውል ሲዘጋጅም እጁ ነበረበት። ከዚያ በኋላ በሰዉ ዘንድ የወንጌል ሰው መሆኑ ቀርቶ የእንግሊዝ መንግሥት ሰው ሆኖ ታየ። በ1842 ሚስቱን ይዞ ሊመለስ ታጁራ ድረስ ቢመጣም ወደ ሸዋ እንዳይገባ ተከለከለ።

መልስ፦ የሰላ ድንጋይ ተወላጅ (ሊድስ፣ እንግሊዝ)

መምህር ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም የወዳጅዎ አባባል ከባዶ የመጣ አይመስለኝም። በክራፍና በሜቶዲስቶች መካከል እውነተኛ ግንኙነት ነበር፤ የተገናኙት ግን አንኮበር ላይ አልነበረም። የምኖረው የሜቶዲስት ጸሎት ቤቶች በየመንደሩ በበዙበት አገር ስለሆነ ከሥረ መሠረቱ ልጀምር።

ሜቶዲስቶች የሚባሉት በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን የነበረው ጆን ዌስሊ ከወንድሙ ከቻርልስ ጋር ያስነሣው እንቅስቃሴ ተከታዮች ናቸው። ዌስሊ በ1791 እስኪሞት ድረስ ካህንነቱን አልተወም፤ ተከታዮቹም ለቁርባን ወደ አጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን እንዲሄዱ ይመክር ነበር። በ1739 ብሪስቶል ላይ ያሠራው የመጀመሪያው ቤት እንኳ የስብከት ቤት እንጂ ቤተ ክርስቲያን አልተባለም። መምህር ስለ ክራፍ ዓላማ የጻፉትን ሳነብ ይህ ነው ትዝ ያለኝ። ሁለቱም ነባሩን ቤተ ክርስቲያን ከውስጥ ለማደስ ተነሡ፤ በእንግሊዝ አገር ግን ሸማኔውና ማዕድን ቆፋሪው በየሳምንቱ ሳንቲም እያዋጣ የራሱን ቤት ሠራ፤ ዌስሊ ከሞተ በኋላም ማኅበሩ ራሱን የቻለ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በሸዋ ግን ያን የሚያዋጣ ምእመን አልነበረም። ጸሎት ቤት የሚቆመው ሰባኪ ስለ መጣ ብቻ አይደለምና፣ በእኔ አስተያየት ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከሊድስ ብዙም በማይርቀው በሄፕተንስቶል መንደር በ1764 የተጀመረ የሜቶዲስት ጸሎት ቤት እስከ ዛሬ ቆሟል። ቅርጹ ባለ ስምንት ማዕዘን ስለሆነ የሸዋ ሰው ሲያየው የእንጦጦ ማርያምን ያስታውሰዋል። ውስጡ ሲገባ ግን ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን መካከሉን የያዘው መቅደሱ ሲሆን ቅድስቱና ቅኔ ማኅሌቱ እሱን ይከቡታል፤ ካህኑ የሚያገለግለው ከመጋረጃ ውስጥ ነው። እዚያ ግን ምንም የተጋረደ ነገር የለም። ሕዝቡ በወለሉና በሰገነቱ ሆኖ ሰባኪውን ከየአቅጣጫው ያያል፤ ዌስሊ ይህን ቅርጽ የወደደውና ለሌሎቹም እንዲሠራ የመከረው የአንድ ሰው ድምፅ ለሁሉ እኩል ስለሚሰማበት ነው።

ሜቶዲስቶች ኋላ ብዙ ተከፋፈሉ። ከክፍሎቹ ለእኛ የሚያስፈልገን በ1857 የተመሠረተው ዩናይትድ ሜቶዲስት ፍሪ ቸርችስ የተባለው ነው። ክራፍ ከሸዋ ከተከለከለ በኋላ በ1844 ሞምባሳ ገባ፤ እዚያም ሚስቱንና አራስ ልጁን በሞት አጣ፤ ቢሆንም ሥራውን ቀጠለ። አንኮበር ሳለ የተማረውን ኦሮምኛ ግን አልረሳም። የኦሮሞ ሕዝብ ወንጌልን ቢቀበል ወንጌሉ ለመላው ምሥራቅ አፍሪካ ይዳረሳል የሚለው እምነቱ ሸዋ ላይ የተፀነሰ ነው፤ ከሰሜን መግባት ቢከለከል ከደቡብ፣ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ ለመድረስ አሰበ። በ1860 የጉዞ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ሲወጣ ከዚህ የሜቶዲስት ማኅበር መሪዎች አንዱ የነበረው ቻርልስ ቺተም አንብቦ ተነካና ወደ እንግሊዝ ጠራው። በ1862 ክራፍ ራሱ የማኅበሩን የመጀመሪያ መልእክተኞች መርቶ ሞምባሳ አጠገብ ሪቤ ላይ አሰፈራቸው። ከእነሱ ጸንቶ የቆየው ቶማስ ዌክፊልድ ከሃያ ዓመት በላይ እዚያ አገልግሏል። ተልእኮው ሲታሰብ የኦሮሞ ሚስዮን ተብሎ ነበር፤ ወደ ጣና ወንዝ ተሻግረው ጎልባንቲ ላይ ጣቢያ ሲከፍቱም ዓላማቸው ይኸው ነበር፤ በዚያ የነበሩት ጆን ሆተንና ሚስቱ በ1886 በማሳይ ዘራፊዎች ተገደሉ። (የጣና ወንዝ ስል በኬንያ ያለውን እንጂ የእኛን ሐይቅ እንዳይመስላችሁ።) የኬንያ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ታሪኳን የምትቆጥረው ከሪቤ ነው።

ስለዚህ ወዳጅዎን እንዲህ ሊሉት ይችላሉ፦ አንኮበር ላይ የሜቶዲስት ጸሎት ቤት አልነበረም፤ ነገር ግን ሪቤ ላይ ለቆመው ጸሎት ቤት ምክንያት የሆነው ሐሳብ ከአንኮበር ወጥቷል።

መልስ፦ ቀሲስ (መንዝ)

ልጄ፣ እግዚአብሔር ሥራህን ይባርክ። ሁለቱም ወንድሞች በትጋት ጽፈዋል፤ እኔ የምጨምረው በወገናችን የነበረውን ሁኔታ ነው፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ታሪክ ሲጻፍ የሸዋ ካህናት እንግዳን የሚጠሉ፣ ክርክርን የሚፈሩ ተደርገው መሳላቸው ያሳዝነኛል።

ክራፍ አንኮበር ሲገባ ካህናቱ ክርክርን የሚያስለምዳቸው ሰው አላስፈለጋቸውም፤ አስቀድሞም በክርክር ውስጥ ነበሩ። ስለ ጌታችን ልደት የሁለት ልደት (ከአብና ከእመቤታችን የሚለው) እና የሦስት ልደት (በመንፈስ ቅዱስ የሆነ ሦስተኛ ልደት የሚጨምረው) ትምህርት ሸዋን ለሁለት ከፍሎ፣ የአድባራት አለቆች የሚሾሙትና የሚሻሩት በዚህ ነበር። በ1841 ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወደ ሦስት ልደቱ ወገን አጋደሉ፤ የተሻሩትም ኀዘናቸው ትኩስ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሌላ እንግዳ መጥቶ ስለ ጾም፣ ስለ እመቤታችን አማላጅነትና ስለ ቅዱሳን ሥዕል ሌላ ትምህርት ሲያቀርብ፣ ሁለቱም ወገን የማይስማማበት ሦስተኛ ሆነ። ይህም ሁሉ ሆኖ ወደ ቤቱ ሄደው ከእሱ ጋር ሲወያዩ የዋሉ ካህናትና ደብተሮች ብዙ መሆናቸውን የራሱ ማስታወሻ ይመሰክራል፤ የሚጠሉት ሰው ቤት እንዲህ አይመላለሱም።

ስለ ልቼ ስለ ጠየቅኸው፣ ከሚስዮናውያኑ በሸዋ መሬት የተሰጠውና ደህና ሥራ የሠራው አቡነ ማስያስ ነው። ከ1868 እስከ 1879 በሸዋ ተቀምጦ ፍቅሬ ግንብ በተባለው ስፍራና በፊንፊኔ ጣቢያ ነበረው፤ ለፈንጣጣ ክትባት በመስጠቱም ሕዝቡ አመስግኖታል። ያበቃለትም በምኒልክ ፈቃድ አልነበረም። በ1878 ልቼ ላይ ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ ሲገብሩ፣ ቀጥሎም በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የሃይማኖቱ ክርክር በሁለት ልደት ሲዘጋ፣ የውጭ ሚስዮናውያን ከሸዋ እንዲወጡ ዐፄ ዮሐንስ አዘዙ፤ ማስያስም በዓመቱ ወጣ። ዮሐንስ ማየር እስከ 1880ዎቹ ቢቆይም እሱም በዚሁ ትእዛዝ መንገድ ተሰናብቷል። ልብ በል፣ ይህ ትእዛዝ በመጣበት ጊዜ የራሳችን የሦስት ልደት ሊቃውንትም እጅግ ተቸግረዋል፤ መከራው በእንግዳው ላይ ብቻ የወረደ አልነበረም።

በጽሑፍህ ውስጥ የደብተራ ዘነብን ስም እንዳትዘነጋ። የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፈው እሱ የሸዋ ሰው ነው፤ አዲስ ኪዳንን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ ከማየር ጋር ወደ ክራፍ ይልክ ነበር፤ ክራፍም በሽምግልናው እያረመ በ1876 ስዊዘርላንድ ውስጥ በቅዱስ ክሪሾና በእኛው በፊደል አሳተመው። በቤተ ክርስቲያናችን ቅኔ ማኅሌት ያደገ ደብተራ በደከመበት መጽሐፍ ላይ የክራፍ ስም ብቻ ሲጠራ መኖሩ ፍትሕ አይደለም።

ምላሽ፦ የልቼ ልጅ (ደብረ ብርሃን)

መምህር፣ ወንድሜ ከሊድስ፣ አባታችን ቀሲስ፣ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጽሑፌን ዕቅድ መለወጥ ግድ ሆኖብኛል። «የሚስዮን ጸሎት ቤቶች» የሚለውን ምዕራፍ ሰርዤ በምትኩ ስለ መጻሕፍቱና ስለ ተርጓሚዎቹ የሚናገር ምዕራፍ አስገባለሁ፤ ደብተራ ዘነብም በስሙ ይነሣል። አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኛል። ክራፍ ከአንኮበር የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ከታተመው ማስታወሻ ውጭ ማግኘት ይቻላል? በተለይ ያስተማራቸው ልጆች የየትኛው አካባቢ ልጆች እንደ ነበሩ ማወቅ እፈልጋለሁ። የእነሱ ነገር ከተገኘ በሽማግሌዎች ዘንድ ተረስቶ የቀረውን ከዘር ሐረግ ቆጠራ ጋር ማገናኘት ይቻል ይመስለኛል።

መልስ፦ የታሪክ መምህር (አንኮበር)

የታተመው የክራፍና የአይዘንበርግ ማስታወሻ በ1843 ለንደን የወጣው ነው፤ ለኅትመት የበቃው ተመርጦ ስለሆነ የእጅ ጽሑፉን ማየቱ ተገቢ ነው። የላካቸው የቸርች ሚሽነሪ ሶሳይቲ መዝገብ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል። ልጆቹን በሚመለከት ሲያነቡ ስሞቹ በጀርመን ጆሮ ተሰምተው በላቲን ፊደል መጻፋቸውን ያስታውሱ፤ አንዱን የሸዋ ስም ከሌላው ለመለየት ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ይረዳል። ክራፍ ስማቸውን ከነመንደራቸው ጽፎ ከሆነ ደግሞ ወደ እኔ ይላኩልኝ፤ ከአልዩ አምባ እስከ አንኮበር ባሉት ቀበሌዎች የዘር ቆጠራ የሚያውቁ አረጋውያንን እኔው እጠይቃለሁ።

መልስ፦ የሰላ ድንጋይ ተወላጅ (ሊድስ፣ እንግሊዝ)

በርሚንግሃም ለእኔ ሩቅ አይደለም። ከ1839 እስከ 1842 ያለውን የሸዋውን ሳጥን አስወጥቼ ስለ ልጆቹ የሚናገሩትን ገጾች እገለብጣለሁ፤ በመጀመሪያ ምን እንድፈልግ እንደምትሹ ብቻ እዚሁ ጻፉልኝ።